ቂመኛ ግንባር

ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ስናገር ሳይሆን ሳዳምጥ ግንባሬ ይቋጠራል፤ ተፈጥሮዬ ነው። ስብሰባው አልቆ ስንወጣ አንድ ባልደረባዬ ክንዴን ያዝ አድርጎ ወደ ዳር ወሰደኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንተ ሰውዬ ቂመኛ ነህ አይደል?» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ። ግንባርህ ላይ ተጽፏል።» ጣቱን አነሳና፣ ሳይነካኝ ግን በጣም ተጠግቶ፣ በሁለቱ ቅንድቦቼ መካከል ያሉትን ሁለት ቁም መስመሮች ያሳየኝ ጀመር። የገዛ ግንባሬን ማየት እንደማልችል ትዝም አላለው። «አንድ መስመር ብቻ ቢሆን ቆራጥ ነህ ማለት ነበር። ሁለት ከሆነ ቂም ነው። ምን ታደርገዋለህ፣ ሆድና ግንባር አይሸሸግም!» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ሆድ በሰፊ ሸሚዝ ይሸሸጋል። ግንባርም በኮፍያ ይሸሸጋል። ይህን ልነግረው ስል ሊፍቱ ተዘጋ።

በኋላ ሲወራ እንደሰማሁት በየማታው ስልኩ ላይ የሚያየው ቪዲዮ አለ። የሰው ፎቶ ይመጣል፤ ቀይ ቀስት ይተከልበታል፤ ይህ አፍንጫ ገንዘብ አባካኝ ነው፣ ይህ አገጭ ለትዳር አይሆንም ይባላል። እሱ እንግዲህ ተምሮ ጨርሷል። አሁን ልምምድ ላይ ነው። መለማመጃው ደግሞ እኛ ነን።

እኔ ቂመኛ አይደለሁም። ቂመኛ ብሆን ኖሮ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችንን አስታውሳቸው ነበር። ረጅም ነበሩ። የኮታቸው ግራ ኪስ አፉ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ብናኝ አለ። ጠመኔ በጠፋ ቁጥር ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ያዩና ዓይናቸው መጥቶ እኔ ላይ ያርፋል። ምክንያታቸውን ደብቀው አያውቁም። «ቅንድቡ የተጋጠመ ልጅ ተንኮል አያጣውም» ይሉ ነበር፣ በሙሉ ክፍል ፊት። አዎ፣ ቅንድቤ ይጋጠማል። የአባቴም ይጋጠማል። የአባቴ እናት ቅንድብም እንደዚያው ነበር። ከሦስታችን አንዳችንም የመንግሥት ጠመኔ ነክተን አናውቅም። ይሁን እንጂ ኪሴ ተፈትሿል፣ ደብተሬ ተራግፏል፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተንበርክኬያለሁ። ይህን ሁሉ ረስቼዋለሁ።

ካደግሁ በኋላ ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። ከቂም የተነሳ አይደለም። ለዕውቀት ነው።

ለካ አስተማሪያችን ከራሳቸው አላመጡትም። ከ2,300 ዓመት በፊት ገደማ በግሪክኛ የተጻፈች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አለች። የምትታወቀው በአርስቶትል ስም ነው፤ ሊቃውንቱ ግን የእሱ ሳትሆን ከተከታዮቹ የአንዱ ሥራ ናት ይላሉ። እዚያች መጽሐፍ ውስጥ ቅንድባቸው የተጋጠመ ሰዎች ጨፍጋጎች ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ጨፍጋጋ! ሌባ እንኳን አላለችም። ስለ ጠመኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጥቅሱ በሃያ ሦስት ክፍለ ዘመን ውስጥ እየዞረ እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ ነው ሌባ የሆነው።

የመጽሐፏ ዘዴ ቀላል ነው። ሰውየውን ታያለህ። የትኛውን እንስሳ እንደሚመስል ትፈልጋለህ። የእንስሳውን ጠባይ አንስተህ ለሰውየው ትሰጠዋለህ። የአፍንጫው ጫፍ ወፍራም የሆነ ሰው ሰነፍ ነው፤ በሬን ይመስላልና። አፍንጫው ክብና ደልደል ያለ ደግሞ ልበ ሰፊ ነው፤ አንበሳን ይመስላልና። ጆሮው ትልቅ ከሆነ አህያ፣ ትንሽ ከሆነ ጦጣ። ሰው ሆኖ የሚተርፈው መካከለኛ ጆሮ ያለው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በሬን ማነው ሰነፍ ያለው? ከጠዋት እስከ ማታ ቀንበር ተጭኖበት የሚጎትተውን በሬ? አንበሳ ግን ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 ሰዓት የሚደርሰውን ተጋድሞ ነው የሚያሳልፈው። አደኑንም ቢሆን አብዛኛውን የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው። ወንዱ ነቅቶ መጥቶ ይበላል፤ ተመልሶ ይተኛል። እንግዲህ በእነዚህ ሊቃውንት ፍርድ በሬው ሰነፍ፣ አንበሳው ልበ ሰፊ ሆኖ አረፈው። የበሬው ጥፋት ጎፈር ማጣቱ ነው። ሰውን ከእንስሳ አንጻር ሊያነቡ የተነሱት ሰዎች እንስሳውንም በደንብ አላዩትም።

እ.ኤ.አ. በ1586 ጣሊያናዊው ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ ይህንኑ ትምህርት በሥዕል አሳተመው። (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።) በአንድ ገጽ ላይ ሰውና በግ ጎን ለጎን፣ በሌላው ሰውና ጉጉት። አይቶ ላለመሳቅ ይከብዳል። በእርግጥም ይመሳሰላሉ። የሚመሳሰሉት ግን ሠዓሊው ሰውየውን በግ እስኪያህል ድረስ ስለሳለው ነው። በጉንም ትንሽ ሰው አድርጎታል። እንዲህ ከሆነማ እኔንም ከወንበር ጋር ማመሳሰል ይቻላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የሶቅራጥስ ታሪክ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ እንዳቆየልን ዞፒሩስ የሚባል ፊት አንባቢ ነበር። ሶቅራጥስን ገና እንዳየው ይህ ሰው ደደብ ነው፣ ሴትም ይወዳል አለ። የሶቅራጥስ ወዳጅ አልኪቢያዴስ በሳቅ ፈነዳ። ሶቅራጥስን የሚያውቁ ሁሉ ዞፒሩስን መሳለቂያ አደረጉት። ሶቅራጥስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተዉት፣ ልክ ነው። ተፈጥሮዬ እንደሱ ነበር፤ በአእምሮዬ ታግዬ ነው ያሸነፍኩት።»

ኧረ አንተ ሰው! ዞፒሩስ ተሳስቶ ነበር እኮ። በቃ፣ አልቆለት ነበር። የተሳሳተበት ሰው ራሱ መጥቶ ከውርደት አዳነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት አንባቢ ተሸንፎ አያውቅም። ክፉ ነህ ይልሃል። ክፉ ከሆንክ «አላልኩህም?» ደግ ከሆንክ «ታግለህ ነው»። ሁለቱም በር የሚያስገባው እሱ ቤት ነው። እኔም ነገ ሄጄ ቂመኛ አይደለሁም ብለው ባልደረባዬ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «እየታገልክ ነው ማለት ነው፤ በርታ!»

ሰው ይህችን ማምለጫ ምን ያህል እንደወደዳት የሚታየው ታሪኩ ወደ ዓረብኛ ሲሻገር ነው። «የምሥጢሮች ምሥጢር» በሚባለው የመካከለኛው ዘመን መጽሐፍ ውስጥ ያው ታሪክ ሰዎቹ ብቻ ተለውጠው ይገኛል። በሶቅራጥስ ቦታ ሐኪሙ ሂፖክራተስ፣ በዞፒሩስ ቦታ ፖሌሞን። ተማሪዎቹ የመምህራቸውን ሥዕል ለፖሌሞን አሳዩት፤ ፖሌሞን ይህ ሰው ዝሙት ይወዳል አለ፤ ተማሪዎቹ በንዴት ጦፉ፤ መምህሩ ግን እውነቱን ነው፣ ራሴን ገዝቼ ነው የኖርኩት አለ። ሂፖክራተስ ከሞተ ፖሌሞን እስኪወለድ ብዙ መቶ ዓመት ማለፉ ማንንም አላስጨነቀም። ፊት አንባቢ ማሸነፍ አለበት፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

ፖሌሞንስ ተረት አይደለም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ የሎዶቅያ ሰው፣ ስመ ጥር ተናጋሪ ነበር። ስለ ፊት ንባብ የጻፈው መጽሐፍ ግሪክኛው ጠፍቶ በዋናነት በዓረብኛ ትርጉሙ ነው የተረፈው። ይህ ሰው ፋቮሪኑስ የሚባል ተፎካካሪ ነበረው። እሱም ተናጋሪ ነው፣ እሱም ጭብጨባ ይወዳል። ፖሌሞን በመጽሐፉ ውስጥ ስሙን ሳይጠራ ዓይኑን፣ አንገቱን፣ ድምፁን፣ አካሄዱን አንድ በአንድ አነሳና የክፋት ሁሉ ማደሪያ አድርጎት አረፈ። ስም አልጠራም። ሳይንስ ነዋ! ማን እንደሆነ ግን ያወቀ አውቆታል። የፖሌሞንን ግንባር ባየሁት! በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ስንት መስመር ይገኝ ነበር?

ከጥንቶቹ አንጀቴን ያራሰኝ ቻይናዊው ሹንዝ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ፊት ማንበብን የሚቃወም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈ። ጂዬና ዦው የሚባሉት አረመኔ ነገሥታት ቁመናቸው ያማረ፣ መልካቸው የተዋጣለት ነበር አለ። ሕዝብ የባረካቸው ጠቢባን ደግሞ አንዱ ያነክሳል፣ ሌላው ጢምም ቅንድብም የለው። ክርክሩ በቃ ይኸው ነው። ይህን የመሰለ መልስ ቀድሞ ተሰጥቶ ሳለ ዓለም ሌላ ሁለት ሺህ ዓመት አፍንጫ ስትመረምር ከረመች።

እንግሊዞች ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከሩ። በ1597 ባወጡት ሕግ ፊትና መዳፍ አነባለሁ እያለ የሚዞረውን ሰው ከዘዋሪ አጭበርባሪዎች ጋር ደምረው፣ ከወገቡ በላይ ተራቁቶ ገላው እስኪደማ በአደባባይ እንዲገረፍ ደነገጉ። እኔ ግርፋትን አልደግፍም። ሕጉን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ግርፋቱ የሠራው ለድሃው ፊት አንባቢ ብቻ ነው። ካባ ለብሶ ሲመጣ ማን ይገርፈዋል? ዮሐን ካስፓር ላቫተር የዙሪክ ቄስ ነበር። ከ1775 እስከ 1778 ስለ ፊት ንባብ አራት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመ። ታላቁ የጀርመን ባለቅኔ ጎተ ሳይቀር አግዞታል። አውሮፓ አበደች። ሰው የጎን ጥላውን በወረቀት እያስነሳ ጠባዩን ያስነግር ጀመር። ለዚህ የሚሆን ወንበር ሳይቀር ነበር፤ በአንድ ወገን ሻማ ይበራል፣ በሌላው ወረቀት ተወጥሯል፣ ተቀማጩ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ሰው ጥላውን በእርሳስ ይከተላል። ከዚያች መስመር ብቻ አስተዋይ ነው፣ ንፉግ ነው፣ እግዚአብሔርን ይፈራል ይባላል። ልብ በሉ፤ ጥላ ነው። ዓይን እንኳን የለውም።

ላቫተር ክፉ ሰው አልነበረም። በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ሳይቀር የሰውን ዕውቀትና የሰውን ፍቅር ለማስፋፋት ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ሰው መቃወም ያስቸግራል። ደግ ነዋ! ደግሞም ቄስ ነው።

አንድ ሰው ግን አላስቸገረውም። በጀርመኗ ከተማ ጌቲንገን ውስጥ ጌዮርግ ክሪስቶፍ ሊሽተንበርግ የሚባል የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ጎባጣ ነው። ያማረ ገላ ያማረ ነፍስ ያድርበታል የሚል ስብከት ሲሰማ በዝምታ የሚያልፍበት ምክንያት አልነበረውም። ይህ የፊት ንባብ ላቫተር የተመኘለት ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ አለ፣ ልጆች ለስቅላት የሚያበቃ ሥራ ከመሥራታቸው በፊት ይሰቀላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ በጥቁር ሰሌዳው ሥር የነበረው ጉልበቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከእኔ በፊት በሁለት መቶ ዓመት ስለ እኔ ጽፎልኛል።

ሊሽተንበርግ በዚያ አላበቃም። ቀጥሎ ስለ ጭራ ጻፈ። አዎ፣ ስለ ጭራ። የላቫተርን የተነፋ አነጋገር ተውሶ የአሳማ ጭራ አጠማዘዙን ተነተነ። ይህ ኩርባ እንዴት ያለ ብርታት ነው፣ ይህ ጫፍ እንዴት ያለ መንፈስ ነው እያለ። ሥዕል ሳይቀር ጨመረበት። ከዚያ የተማሪዎችን ዊግ ከኋላ የሚንጠለጠለውን ጉንጉን ተራ በተራ እያነሳ የባለቤቱን ዕጣ ፈንታ ተናገረ። በ1783 ሲታተም ሰው በሳቅ ሞተ። ፊት ንባብ ግን አልሞተም። እዚህ ላይ ሊሽተንበርግን አዝንለታለሁ፤ ቀልድ የሚገድለው ነገር ምን እንዳለ እንጃ።

አለመሞቱ የታወቀው በ1831 ነው። ቢግል የምትባለው መርከብ አዛዥ ካፒቴን ፊትዝሮይ የላቫተር አማኝ ነበር። ለረጅሙ ጉዞ አብሮት የሚሄድ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ቀረበለት። ካፒቴኑ ትምህርቱን ትቶ አፍንጫውን አየ። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው ለዚህ ጉዞ የሚሆን ብርታትና ቆራጥነት ይኖረዋል ወይ ብሎ ተጠራጠረ። ወጣቱ ቻርልስ ዳርዊን ነው። ለጥቂት ተረፈ። ሸምግሎ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍም አፍንጫዬ ዋሽታ እንደነበር ካፒቴኑ በኋላ የገባው ይመስለኛል ብሎ ቀለደ። መቀለድ ይችላል፤ ተሳክቶለታል። በአፍንጫቸው ምክንያት ከወደቡ የተመለሱት የት እንዳሉ ማን ያውቃል? እነሱ የሕይወት ታሪክ አልጻፉም።

ዛሬ የዳርዊንን ፎቶ የሚያይ ሰው ምን ይላል? «ይህ ግንባር! ይህ የጠለቀ አስተያየት!» አፍንጫውን የሚያነሳበት የለም። ሶቅራጥስም ደፍጣጣ አፍንጫና የፈጠጠ ዓይን ነበረው። ዛሬ ሐውልቱ ፊት የሚቆም ሰው ጥበብ ሲፈስ ይታየዋል። የምወዳት ተረት እዚህ ላይ ናት የምትመጣው፤ መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። ላቫተር አራት ጥራዝ ፈጅቶ ያልደረሰበትን በአራት ቃል ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ ስም ይመጣል፤ መልክ ከዚያ ይቃናል። ፊት አንባቢዎች ሁሉ ከስሙ ተነስተው ወደ ፊቱ የሄዱ ናቸው። ከፊቱ ተነስተው ወደ ስሙ የሄዱ ለት ምን እንደሚሆን አሜሪካዊው ቀልደኛ ጸሐፊ ማርክ ትዌይን አሳይቷል።

ለንደን ውስጥ ፋውለር የሚባል የራስ ቅል እየዳሰሰ ጠባይ የሚናገር ሰው ነበር። ፍሬኖሎጂ ይሉታል፤ ለፊት ንባብ የአጎት ልጁ ነው። ትዌይን ስሙን ደብቆ ሄደ። ሰውየው ዳሰሰው፣ ዳሰሰውና የቀልድ ስሜት መቀመጫ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ጉድጓድ አገኘ። ባዶ ጉድጓድ። ትዌይን ወራት አሳልፎ አሁን በስሙ ተመልሶ ሄደ። ጉድጓዱ የለም። በቦታው የኤቨረስት ተራራ ቆሟል። ታሪኩን የነገረን ራሱ ትዌይን ነው፤ ቀልደኛ ስለሆነ ትንሽ ቅመም ቢጨምርበት አልፈርድበትም። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ማለት ግን ይኸው ነው።

ስም የሌለውንስ ማን ይደግፈዋል?

በ1876 ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ ስለ ወንጀለኛ ሰው አንድ መጽሐፍ አወጣ። ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፤ እሱም ወደ ጥንተ አውሬነት የተመለሰ ፍጥረት ነው አለ። ምልክቱ ትልቅ መንጋጋ፣ ወጣ ያለ ጆሮ፣ ወደ ኋላ የሸሸ ግንባር፣ እና መቼም ገምታችኋል፣ የተጋጠመ ቅንድብ። ማስረጃውን ከየት አመጣ? እስር ቤት ገብቶ እስረኛ ለካ። የለካው ሁሉ እስረኛ መሰለው። ድሃ፣ የተራበ፣ የተደበደበ ፊት ምን እንደሚመስል ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም ነበር።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በዚያው ዘመን የወንጀለኞችን ፎቶ አንዱን በሌላው ላይ እያነባበረ አንድ «የወንጀለኛ ፊት» ሊያወጣ ሞከረ። የወጣው ፊት ከእያንዳንዱ እስረኛ ይልቅ ያማረ ሆነ። ክፋት ይጠራቀማል ብሎ ሲጠብቅ ተራ ሰው ወጣለት። ይህን ራሱ አምኖ ጽፎታል። በ1913 ደግሞ ቻርልስ ጎሪንግ የሚባል የእስር ቤት ሐኪም 3,000 ያህል እስረኞች ተለክተው ከተማሪና ከወታደር ጋር የተነጻጸሩበትን ጥናት አሳተመ። የወንጀለኛ መልክ የሚባል ነገር አላገኘም። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሎምብሮዞ ያኔ ሞቷል፤ አጽሙን ለራሱ ሙዚየም ተናዞ ነበርና ቱሪን ውስጥ እስከ ዛሬ ቆሟል። መንጋጋውን ማየት የፈለገ ሄዶ ያያል።

ሁሉም ግን በሙዚየም አላለቀም። ቤልጂጎች ሩዋንዳን በሚገዙበት ዘመን የሰው አፍንጫና ቁመት በመለኪያ ይለካ ነበር፤ ሁቱና ቱትሲ የሚባሉትን በመልክ ለይቶ ለማስቀመጥ። በ1930ዎቹ ደግሞ መታወቂያ ላይ ጻፉት። በ1994 መንገድ ላይ ኬላ ሲቆም የሚጠየቀው ያ መታወቂያ ነበር። መታወቂያ ያልያዘው በአፍንጫውና በቁመቱ ተፈረደበት። እዚህ ላይ የምቀልደው ነገር የለኝም። «ኧረ ጨዋታ ነው፣ ምን ያካብድሃል» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ግን የምነግረው ይህን ነው። ፊት አንባቢ ሲሳሳት ምን ይደርስበታል? ምንም። ባለፊቱ ነው የሚከፍለው።

አሁን አሁን ደግሞ በጥናት ስም ነው የሚመጡብን። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ሰው የማያውቀውን ፊት አይቶ ይታመናል፣ አይታመንም ብሎ ለመፍረድ የሰከንድ አንድ አስረኛ እንደሚበቃው አሳየ። ይህን ሰምተው «አያችሁ፣ ፊት ይናገራል!» የሚሉ አሉ። ጥናቱ ፍርዱ ፈጣን ነው አለ እንጂ ልክ ነው መቼ አለ? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው ደግሞ ይባስ። የማያውቋቸውን የአሜሪካ ሴኔት ተወዳዳሪዎች ፎቶ ብቻ አይተው የትኛው ብቁ ይመስላል የተባሉ ሰዎች 70 በመቶ ያህሉን ውድድር አሸናፊ በትክክል ገመቱ። ስለ ሴናተሮቹ ብቃት የሚነግረን ነገር የለም። ስለ መራጩ ግን ብዙ ይነግረናል።

የሕፃን ፊት ያላቸው ሰዎችም ተጠንተዋል። ክብ ፊት፣ ትልልቅ ዓይን፣ ትንሽ አገጭ። አነስተኛ ክሶች በሚታዩበት የአሜሪካ ችሎት በተደረገና በ1991 በታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ፊት ያላቸው ተከሳሾች ሆን ብለህ አጠፋህ በሚባልበት ጉዳይ ከሌላው ይልቅ በነጻ የመሄድ ዕድል ነበራቸው። እኔ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም። የክፍላችን አለቃ ክብ ፊት ነበረው። ጉንጩ ላይ ሲስቅ ስርጉድ ይላል። አስተማሪያችን የጠመኔውን ካርቶን አምነው የሰጡት ለእሱ ነው። በእረፍት ሰዓት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ጎል የሚስለው ማን ሆነና! ቋሚው፣ አግዳሚው፣ መረቡ ሳይቀር፣ ባለ አራት ማዕዘን እያደረገ፣ በሮዝና በሰማያዊ። ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። እኔ ተንበርክኬ በመስኮት አየዋለሁ።

የት ደርሼ ነበር? ኮምፒውተር። በ2016 ሻንጋይ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ወደ 1,900 የሚጠጋ ፎቶ ለኮምፒውተር አብልተው ወንጀለኛውን ከንጹሑ 90 በመቶ በሚጠጋ ትክክለኛነት ይለያል አሉ። ሎምብሮዞ ከመስታወት ሳጥኑ ሳይዘል አይቀርም። ሌሎች ፎቶዎቹን ቀረብ ብለው ሲያዩ ግን ንጹሐን የተባሉት ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ፈገግም ብለዋል። ወንጀለኛ የተባሉት ፊታቸውን ከስክሰዋል። ኮምፒውተሩ ያገኘው ኮሌታ ነው። ሥራ ፈላጊን ካሜራ ፊት አስቀምጦ የፊቱን እንቅስቃሴ የሚመረምር ፕሮግራምም ነበር፤ አንድ ታዋቂ ኩባንያ ጩኸት ሲበዛበት በ2021 መጀመሪያ ላይ ይህን ክፍል ማቆሙን አሳወቀ። ግንባሩ ሲያዳምጥ የሚቋጠር ሰው ስንት ሥራ እንዳመለጠው የሚቆጥርልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ ደግሞ ኮምፒውተር በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ከሰው ፊት ላይ ስሜቱን እንዲያነብ ማድረግን፣ ከሕክምናና ከደህንነት ጉዳይ በቀር፣ ከልክሏል። ሥራ ቦታና ትምህርት ቤት! ያጻፈው ሰው ቅንድቡ የተጋጠመ ይመስለኛል። ደስ ብሎኝ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ አትሜ ላስቀምጥለት ነበር። ችግሩ ሕጉ የሚናገረው ስለ ማሽን ነው። ያለ መብራት ስለሚሠራ ፊት አንባቢ የሚል አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም።